ዋጋው ቀላል ስለ ሆነ የቤት ድምፅ ማጉያ መሣሪያ የባለቤቶች አስተያየትና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ንግድ የሚጸናው ዕቃን በሱቅ በመደርደር ብቻ አይደለም። ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ በገዢው ቤት እንዴት እንደ ሠራና ባለቤቱ ስለ እርሱ ምን እንደሚናገር ማወቅም ከንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። በአንዋር መስጊድ ሰፈርና በመላው መርካቶ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በአንድ ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠው መነገድን ልማድ አድርገዋል። በአንዱ ሱቅ ያዘነ ገዢ ሌላ ሱቅ ለማግኘት ጥቂት እርምጃ ብቻ ይበቃዋል፤ ያዘነበትንም ምክንያት እዚያው ይናገራል።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው ዕቃ ዋጋው ቀላል የሆነ የቤት ድምፅ ማጉያ መሣሪያ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ስለ ጨመረ በውጭ አገር «ርካሽ» የሚባለው መሣሪያ ለአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ብዙ ወር የተጠራቀመ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ጥራቱ እንደ ጨርቅ በእጅ ተዳስሶ ወይም እንደ እህል ተዘግኖ የሚታወቅ አይደለም። ሦስተኛ፣ ባለቤቶች ስለ አንድ ዓይነት መሣሪያ የሚሰጡት አስተያየት እርስ በርሱ ስለሚቃረን ነጋዴ የትኛውን እንደሚያምን ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል።

1ኛ/ የመሣሪያው ምንነት

ይህ መሣሪያ ከቴሌቪዥን፣ ከዲሽ፣ ከስልክ ወይም ከሌላ ምንጭ የመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶና አከፋፍሎ በክፍሉ ዙሪያ ለተቀመጡ ስፒከሮች የሚሰጥ ነው። «5.1» የሚባለው አምስት ስፒከሮችንና አንድ የጎርናና ድምፅ ሳጥን፣ ማለት ሰብውፈር የሚያሠራ ማለት ነው። በዓለም ገበያ መሣሪያው «ሪሲቨር» ተብሎ ይጠራል። በኢትዮጵያ ግን «ሪሲቨር» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የዲሹን ዕቃ ነው፤ የድምፁን መሣሪያ አብዛኛው ገዢ «አምፕሊፋየር» ወይም «ሆም ቲያትር» ይለዋል። ስለዚህ ሻጭ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ገዢው የሚፈልገው የዲሽ ሥዕል ለማየት ነው ወይስ ድምፅ ለማጉላት የሚለውን ነው። በስልክ ታዝዞ ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ የደርሶ መልስ ማጓጓዣ ዋጋ ያስከፍላል።

እንዲሁም ሁለት ዓይነት ዕቃዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማጉያውም ስፒከሮቹም በአንድ ካርቶን ተጠቃልለው የሚሸጡት ነው። ሁለተኛው ማጉያው ለብቻው ተሸጦ ስፒከሮቹን ገዢው በተናጠል የሚመርጥበት ነው። ከሁለተኛው ወገን በ2018 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት ሶኒ ኤስ ቲ አር-ዲ ኤች 590 እና ያማሃ አር ኤክስ-ቪ 385 ለምሳሌ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም አራት የኤች ዲ ኤም አይ መግቢያና አንድ መውጫ፣ እንዲሁም ብሉቱዝ አላቸው፤ ዋይፋይ ግን የላቸውም። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ገዢ «የጎደለ ዕቃ ሰጡኝ» ብሎ ያማርራል፤ የጎደለው ግን የሻጩ ገለጻ ነው።

2ኛ/ አስተያየት እንዴት ይመዘናል

የባለቤት አስተያየት እንደ ምስክር ቃል ነው። ምስክር የት ቆሞ እንዳየና መቼ እንዳየ እንደሚጠየቅ ሁሉ አስተያየት ሰጪም አራት ነገር ሊጠየቅ ይገባል።

ሀ/ መሣሪያውን ከያዘ ስንት ጊዜ ሆነው? በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ ከቀጭኑ ቴሌቪዥን ትንሽ ስፒከር ጋር በማነጻጸር የሚነገር ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ማጉያ መልካም ሆኖ ይሰማል። የመሣሪያው ጽናት የሚታወቀው ግን ክረምትና በጋ ካለፈበት፣ መብራትም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ከመጣበት በኋላ ነው።

ለ/ በምን ዓይነት ቤት ይጠቀምበታል? በኮንዶሚኒየም ጠባብ ሳሎን የሚኖር ሰው «ድምፁ ከበቂ በላይ ነው፤ የሰብውፈሩ ጉርምርምታ ወለሉን አልፎ ጎረቤት ያስቈጣል» ይላል። በሰፊ አዳራሽ የሚጠቀም ሰው ስለዚያው መሣሪያ «አቅም የለውም» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

ሐ/ ከየትኛው ስፒከር ጋር አገናኘው? ደካማ ስፒከር የያዘ ሰው ጥፋቱን በማጉያው ላይ ይጭናል።

መ/ ለምን ሥራ ገዛው? ለቤት የተሠራውን ዕቃ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት በካፌ ወይም በግሮሰሪ የሚያሠራ ሰው የሚሰጠው አስተያየት ለቤተ ሰብ ገዢ ማስረጃ አይሆንም።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያልመለሰ አስተያየት፣ ምስጋናም ቢሆን ወቀሳ፣ ክብደቱ ጥቂት ነው።

3ኛ/ ዘወትር የሚሰሙት ቅሬታዎችና ምክንያታቸው

ስለ ዋት። ከቅሬታዎች ሁሉ ለነጋዴ ስም አደገኛ የሆነው «ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ኃይል የለውም» የሚለው ነው። ዋት በብዙ መንገድ ይለካል። ከላይ የተጠቀሰው የሶኒ መሣሪያ አንድ ቻናል ብቻውን በ1000 ኸርዝ ሲሠራ 145 ዋት፣ ሁለት ቻናል በአንድነት ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ ሲሠራ ግን ለእያንዳንዱ 90 ዋት ተብሎ ተገልጿል። የያማሃውም በተመሳሳይ አለካክ 100 እና 70 ዋት ነው። ቍጥሮቹ ሐሰት አይደሉም፤ የተለኩበት ሁኔታ ግን ይለያያል። ሻጭ አንዱን መሣሪያ በትልቁ ቍጥር፣ ሌላውን በትንሹ ቍጥር እየጠራ ቢያወዳድር ገዢውን ያሳስታል።

ከዚህ የከፋው «ፒ ኤም ፒ ኦ» ተብሎ በርካሽ ካርቶኖች ላይ የሚታተመው የሺህ ዋት ቍጥር ነው። ይህ አለካክ ሁሉም የሚስማማበት ሕግ የሌለው ሲሆን፣ ቢበዛ ለቅጽበት ያህል ሊታይ ይችላል ከተባለ ግምት የሚወጣ ነው። ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። በመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍና የፊውዙን መጠን ማንበብ ይበቃል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ፊውዙ 2 አምፔር ቢሆን 220 በ2 ሲባዛ 440 ዋት ይመጣል። ይህ መሣሪያ ከመስመሩ ሳያቋርጥ የሚወስደው በግምት ከዚህ የማይበልጥ ከሆነ፣ ከፊሉም ወደ ሙቀት ከተለወጠ፣ ለስፒከሮቹ 3000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? በአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ማጉያ መሣሪያዎች የኃይል አገላለጽ ደንብ ያወጣው እንዲህ ያለው የቍጥር ግነት ገበያውን ስላወከ ነው፤ ደንቡም በ2024 እ.ኤ.አ. እንደገና ተሻሽሏል።

ከዚህም ጋር ገዢው ሊረዳው የሚገባ አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ በግምት 10 ዴሲቤል፣ ማለት አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ70 እና በ90 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 1 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ይህም በጭንቅ የሚሰማ ነው። በአንድ ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 87 ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ግን የማጉያውን ዋት በእጥፍ እንደ ማሳደግ ይቈጠራል። ስለዚህ ገዢው ለተጨማሪ ዋት ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ወደ ተሻለ ስፒከር ቢያዞረው ይጠቀማል።

ስለ ሙቀት። «እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ራሱን ያጠፋል» የሚለው ሁለተኛው ቅሬታ ነው። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ አቀማመጡ ነው። በብዙ ቤት መሣሪያው በቡፌ ውስጥ ይቀመጥና በላዩ ዳንቴል ይለብሳል፤ የዲሹም ዕቃ ከዳንቴሉ በላይ ይደረብበታል። የማጉያው ክዳን ቀዳዳ የተበጀለት ግን ትኩስ አየር እንዲወጣበት ነው። በተጨማሪም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ችሎታው ከቆላና ከባሕር ዳርቻ ያነሰ ነው። ስለዚህ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ክፍተት ይበልጥ እንጂ ያነሰ መተው አይገባም፤ ዳንቴሉም ለጠረጴዛው ይሁን።

ስለ ስፒከር ብዛት። የካፌ ባለቤቶች በአንድ መውጫ ላይ ሁለትና ሦስት ስፒከር ጎን ለጎን ያስራሉ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች እንዲህ ሲታሰሩ በአንድነት 4 ኦም፣ ሦስት ሲሆኑ ደግሞ 2.7 ኦም ያህል ይሆናሉ። ኦሙ በወረደ መጠን መሣሪያው ብዙ አምፔር ለመስጠት ይገደዳል። ከዝቅተኛ ዋጋ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለ6 ኦምና ከዚያ በላይ ስለ ሆነ ወይ በመከላከያው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ወይ ይቃጠላሉ። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ሻጭ መስጠት የሚገባው የቤት መሣሪያ ሳይሆን ለአዳራሽ የተሠራውን፣ በተለምዶ «ሞንታርቦ» ከሚባለው ወገን የሆነውን ነው። የቤቱን መሣሪያ ሸጦ መላክ ዛሬ ገንዘብ ያስገባል፤ ከወር በኋላ ግን የተቃጠለ ዕቃ ይመልሳል።

ስለ ቮልት። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ነው። ከጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የወጣ ደግሞ ለ100 ቮልት ነው። ይህን በ220 ቮልት ሶኬት ላይ የሰካ ሰው የሚያየው የድምፅ ጥራት ሳይሆን ጢስ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ የጀርባውን ጽሑፍ ለገዢው ማሳየት፣ በቂ አቅም ያለው ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመርም አብሮ ማቅረብ ግዴታው ነው። ለ220 ቮልት የተሠራውም ቢሆን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከሚፈጠረው መዋዠቅ በስታቢላይዘር ቢጠበቅ፣ መብራትም በጠፋ ጊዜ ከሶኬቱ ቢነቀል ዕድሜው ይረዝማል።

ስለ አገጣጠም። «ሥዕል አለ፤ ድምፅ የለም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ብልሽት የሚመጣ አይደለም። የኤች ዲ ኤም አይ ገመድ በቴሌቪዥኑ ላይ «ኤ አር ሲ» ተብሎ ከተጻፈበት ቦታ ውጭ ተሰክቶ ወይም በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ሳይከፈት ቀርቶ ነው። እንዲሁም የስፒከር ገመድ ቀዩ ወደ ቀይ፣ ጥቁሩ ወደ ጥቁር ካልታሰረ የጎርናናው ድምፅ ይሳሳል። ከብዙ መሣሪያዎች ጋር ደግሞ የክፍሉን ድምፅ የሚለካ ትንሽ ማይክሮፎን ይመጣል። ገዢው ጥቅሙን ስለማያውቀው ከካርቶኑ ሳያወጣው ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ንግግሩ በሙዚቃው እንደ ተዋጠ ይቀርና ጥፋቱ በመሣሪያው ላይ ይነገራል።

4ኛ/ ስለ ቃልና ስለ ሕግ

«በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል» ይባላል። ሻጭ «ዋስትና አለው» ካለ በኋላ የዋስትናው ዘመን ስንት ወር እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ የቮልት ጉዳት ይጨምር ወይም አይጨምር በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ ከክርክር በቀር የሚተርፍ ነገር የለም።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ የንግድ ማስታወቂያም ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መሆን እንደሌለበት ደንግጓል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ የተሻለ ዋስትና ቢኖረው እርሱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ዋጋው ይመለስልኝ ብሎ እንዲጠይቅም ፈቅዷል። ስለዚህ የካርቶኑን የሺህ ዋት ቍጥር እንደ እውነት ደግሞ የሚናገር ሻጭ «የጻፈው ፋብሪካው ነው» በማለት ብቻ ከኃላፊነት አመልጣለሁ ብሎ መተማመን አይገባውም።

5ኛ/ ስለ ትርፍና ኪሳራ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እውነቱን የሚናገር ሻጭ «ይህ 70 ዋት ነው» ሲል፣ ጎረቤቱ «የእኔ 3000 ነው» ቢል ገዢው ወደ ጎረቤቱ አይሄድም ወይ? አንዳንዱ ይሄዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሒሳቡ በአንድ ቀን የሚዘጋ አይደለም። ለስሌት ያህል አንድ ሻጭ 20 መሣሪያ ሸጦ ከእያንዳንዱ 1500 ብር ቢያተርፍ 30000 ብር ያገኛል። ከ20ው ሦስቱ ተመልሰው እያንዳንዳቸው የ6000 ብር ኪሳራ ቢያስከትሉ ትርፉ የ17ቱ ብቻ 25500 ብር ይሆንና ኪሳራው 18000 ብር ሲቀነስ 7500 ብር ይቀራል። ሌላው ሻጭ እውነት ተናግሮ 12 ብቻ ቢሸጥና አንድም ባይመለስበት 18000 ብር ያተርፋል። ያዘኑት ሦስት ገዢዎች ለወዳጅ ዘመዶቻቸው የሚናገሩት ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

እውነተኛው ሻጭም ባዶ እጁን አይደለም። የጎረቤቱን ስም ሳያነሣ ገዢው የማንኛውንም መሣሪያ ፊውዝና የጀርባ ጽሑፍ አንብቦ እንዲያባዛ ሊያስተምረው ይችላል። ሁለት መሣሪያ ሲያስደምጥም ድምፃቸውን በእኩል መጠን አድርጎ ማሰማት ይገባዋል፤ ጥቂት ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና። በመርካቶ ጫጫታ መካከል ጥሩ መስሎ የተሰማ ድምፅ በጸጥተኛ ሳሎን ውስጥ ጆሮ የሚወጋ ሊሆን ስለሚችል የሱቁን በር ዘግቶ፣ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የሰው ንግግርም ማስደመጥ መልካም ነው።

በመጨረሻም በየሱቁ አንድ የአስተያየት መዝገብ ሊኖር ይገባል። በእርሱም የዕቃው ዓይነትና መለያ ቍጥር፣ የተሸጠበት ቀን፣ የቤቱ ሁኔታ፣ የተገናኘው ስፒከር፣ ቅሬታው የመጣበት ቀንና የተገኘው ምክንያት ይጻፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡን የገለጠ ነጋዴ ከቅሬታዎቹ ስንቱ ከዕቃው፣ ስንቱ ከአቀማመጥ፣ ስንቱስ ከራሱ ሠራተኛ ገለጻ ማነስ እንደ መጡ ለይቶ ያያል። የሚቀጥለውንም ዕቃ ከአስመጪ ሲያዝዝ በደላላ ወሬ ሳይሆን በማስረጃ ያዝዛል።

ለማጥኛ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ አንድ ገዢ «መሣሪያው አቅም የለውም» ቢል መዝገብ ያዡ አስተያየቱን ከመጻፉ በፊት የትኞቹን አራት ነገሮች ይጠይቀዋል?

2/ ፊውዙ 1 አምፔር የሆነ መሣሪያ በ220 ቮልት መስመር በግምት ስንት ዋት ይወስዳል? በካርቶኑ ላይ 1500 ዋት ቢጻፍ ምን ይባላል?

3/ አንድ የካፌ ባለቤት አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሊያስር ቢፈልግ ኦማቸው በአንድነት ስንት ይሆናል? ሻጩስ ምን ዓይነት ዕቃ ያቀርብለታል?

4/ በሱቁ የሚሰጠው የዋስትና ጽሑፍ የጥገናውን ቦታና የቮልት ጉዳትን ጉዳይ በግልጽ ያመለክታል ወይ? ካላመለከተ ከሚቀጥለው ሽያጭ በፊት ተስተካክሎ ይጻፍ።